የታሰረ ራስ

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ነው። ከቡራዩ ወደ አዲስ አበባ በሚኒባስ ስሄድ ማይግሬኔ ተነሳብኝ። እንደ ልማዴ ራሴንና ዓይኔን በሻርፕ ጥፍር አድርጌ አሰርኩ። በዚያ ሰሞን ራሱን ያሰረ ወጣት ሁሉ ሰልፍ ላይ የተፈነከተ ነው ተብሎ እንደሚያዝ ዘንግቻለሁ። ፖሊሶች አስቆሙን፤ አንደኛው በሩን ከፈተ።

«አንተ፣ የት ነው የተፈነከትከው?»

«አልተፈነከትኩም። ራሴን አሞኝ ነው።»

«ዘንድሮ ሁላችሁንም ራሳችሁን ነው የሚያማችሁ። ፍታው!»

ፈታሁት። የፀሐዩ ብርሃን ዓይኔ ውስጥ ሲገባ የፖሊሱ ጫማ ላይ አስመለስኩ። ወደ ኋላ ዘለለ፤ ሌላውን ተሳፋሪ ሳይፈትሽ በሩን ወርውሮ ዘጋው። «ይዘኸው ጥፋ!» አለው ሾፌሩን።

ፍተሻውን አልፈን ራቅ እንዳልን፣ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ካልቸገረህ ሻርፑን።» አጠገባቸው ያለው ጎረምሳ ልጃቸው ኮፍያውን ሲያወልቅ ፀጉሩ በደም ተጣብቋል። ሰጠኋቸው። ራሱን እያሰሩለት፣ «ገለቶሚ ልጄ። ይቅር በለኝና ዛሬስ እንኳን አመመህ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የቀረውን መንገድ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ ሄድኩ።