ትንንሽ ወታደሮችን የቀቡት የአክስታችን ሕይወት

አክስታችንን ለመሸኘት የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ የሥራ ባልደረቦችና የክለብ ጓደኞች፣ ይህን ወረቀት እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ። ቀኖቹን ከእናቴ ጋር አመሳክሬአለሁ፤ ስህተት ከተገኘበት የእኔ ነው።

አክስታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሆነው የዛሬ ስልሳ አራት ዓመት ተወለዱ። በሰፈራቸው ትምህርት ቤት በሥዕል ከክፍሉ አንደኛ፣ በሒሳብ ከክፍሉ መጨረሻ እየወጡ ተምረው እንደጨረሱ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራ አንድ ላቦራቶሪ በተለማማጅነት ተቀጠሩ። የላቦራቶሪው አለቃ የሠሩትን ጥርስ በመዳፉ ላይ አገላብጦ ካየ በኋላ አንድ ቃል ሳይተነፍስ በመዶሻ ይሰብረው እንደ ነበር፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተሰብሮባቸውም በሃያኛው እንዳለፈላቸው ደስ እያላቸው ያወሩ ነበር። አለቃው ጡረታ ሲወጣ መዶሻው ወደ እሳቸው ተላለፈ። ዛሬ በመካከላችን የተቀመጡት ተማሪዎቻቸው እንደሚመሰክሩት፣ አክስታችን "ይሄን ጥርስ ለጠላቴም አልተክለው" ብለው ከሰበሩ በኋላ፣ ጥፋቱ የት ላይ እንደሆነ ተማሪው እስኪገባው ድረስ አጠገቡ ቁጭ ብለው ያሳዩ ነበር፤ ከእጃቸው አልቅሶ የወጣ ብዙ ነው፣ ሥራ ሳይችል የወጣ ግን የለም።

በሠላሳ ዓመታቸው አንድ የመሬት ቀያሽ አግብተው አሥራ አንድ ዓመት በፍቅር ከኖሩ በኋላ ባለቤታቸው በመኪና አደጋ አረፉ። ልጅ አልወለዱም፤ እኔን ግን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ወስደው አሳድገውኛል።

ጡረታ በወጡበት ዓመት፣ እኔ በምሳተፍበት የጦር ጨዋታ ክለብ ጠረጴዛ ላይ የምናሰልፋቸውን አውራ ጣት የሚያህሉ የፕላስቲክ ወታደሮች አንድ ቀን አይተው "ይሄ እኮ የእኔ ሥራ ነው" አሉና ብሩሽ አነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከላቦራቶሪው ይዘውት በወጡት ማጉያ መነጽር፣ በየወታደሩ አፍ ውስጥ ጥርስ ሳይቀር እየሣሉ አራት ዓመት ቀቡ። ምኞታቸው አንድ ነበር፤ በየዓመቱ አንድ የተመረጠ ሥራ ብቻ በሚገባበት በክለቡ የመስታወት ሣጥን ውስጥ የእሳቸውም ወታደር እንዲቆም።

የእሳቸው ስልክ ከመደወል ሌላ አያውቅምና፣ ሥራቸውን ፎቶ እያነሣሁ በክለቡ የስልክ ግሩፕ ላይ የምለጥፈው፣ የሚመጣውንም አስተያየት የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው አስተያየት "እማማ፣ ቀለሙን በጭልፋ ነው እንዴ የደፉበት? በውሃ አቅጥነው ሁለት ጊዜ ይቀቡ" የሚል ነበር። ዘለፋው እንዳይሰማቸው ብዬ "ጥሩ ጅምር ነው ይላሉ" አልኳቸው፤ ከዘለፋው ጋር ምክሩንም መጣሌን አላስተዋልኩም። በሁለተኛው ወር "ይሄ ወታደር ነው ወይስ የቀለጠ ሻማ?" ሲሉ "ግርማ ሞገስ አለው" ብዬ አነበብኩ። "ቀለሙ ወፍሮ አፍንጫውን ዋጠው" የሚለውንም "ፊቱ ላይ ተጠበውበታል" አደረግኩት። እንዲህ እያልኩ፣ ኋላ እንደቆጠርኩት፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት አስተያየቶች ለወጥኩባቸው፤ እሳቸውም ያንኑ ወፍራም ቀለም በሙሉ ልብ መቀባታቸውን ቀጠሉ።

ባለፈው ዓመት፣ ሰባት ወር የደከሙበትን ፈረሰኛ አዛዥ በጥጥ ጠቅልለው ወደ ክለቡ ዓመታዊ ውድድር ይዘውት ሄዱ። ዳኛው፣ ሁላችን ሚሊሜትር የምንለው ሰዓት ጠጋኝ፣ ፈረሰኛውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ለአዳራሹ እያሳየ "እማማ፣ አራት ዓመት ሙሉ ቀለም ያቅጥኑ ስንልዎት ጆሮዎ ነው ያልሰማው ወይስ ንቀት ነው?" አላቸው። አዳራሹ ሳቀ፤ ከኋላም አንዱ "ፈረሱ ብርድ ልብስ ለብሶ ነው የመጣው" ብሎ ጨመረበት። አክስታችን ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ፈረሰኛቸውን ተቀብለው በጥጡ ጠቀለሉና አውቶቡስ ተሳፈርን። ከዚያ "ሁሉንም ታነብልኛለህ፤ ከእንግዲህ አንድ ቃል እንዳትቀንስ" አሉኝ።

ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱንም አንብቦ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀብን። ዘለፋው ላይ አንዳንዴ ይስቁ ነበር፤ ምክሩ ላይ ሲደርስ ግን ዐይናቸውን ጨፍነው "ድገመው" ይሉኝ ነበር። ስንጨርስ "እነዚህ ልጆች አክብረውኛል፤ የናቅከኝ አንተ ነህ" አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። ይቅር ብለውኛል ብዬ መጀመሪያ ጽፌ ነበር፤ አላሉምና ሰረዝኩት።

በማግስቱ ቀለም ማቅጠን ጀመሩ። በዚያው ወር ግን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሐኪሞችም በጭንቅላታቸው ውስጥ ዕጢ አገኙ። በቀሯቸው አምስት ወራት፣ ክርናቸውን አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈው፣ አንዳንድ ቀን የልብሱን አንድ ቁልፍ ብቻ ቀብተው እየደከሙ፣ አንድ እግረኛ ወታደር ጨረሱ። ባለፈው ሐሙስ ፎቶውን ለጥፌ ሳልጨርስ "ምን አሉ?" አሉኝ፤ ገና ማንም አልመለሰም ነበር። ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት በሆስፒታል አልጋቸው ላይ አረፉ። የሚሊሜትር መልስ የመጣው በሰባት ሰዓት ነው። እንዳዘዙኝ አነብላቸዋለሁ፦

"ቀለሙ አሁን ቀጥኗል፤ ፊቱም የሰው ፊት ሆኗል። ቀበቶው ግን ጠማማ ነው፤ የግራ ዐይኑም ከቦታው ወጥቷል፤ ለሣጥኑ አይበቃም። እማማ፣ እንዲህ መቀባት ከአራት ዓመት በፊት ጀምረው ቢሆን ኖሮ ሣጥኑ የእርስዎ ነበር።"

አክስታችን አንዲት እህት፣ አንድ ወንድም፣ አምስት የእህትና የወንድም ልጆች፣ ከሠላሳ የሚበልጡ ተማሪዎችና ወፍራም ቀለም የለበሱ ሦስት መቶ ያህል ወታደሮች ትተው ሄደዋል። የጠየቁኝን መልስ ሳይሰሙ አርፈዋልና፣ ፈጣሪ ይህን ቃል እኔ እንዳደረግኩት ሳያደርግ፣ ሳይለውጥ ያድርስላቸው፤ ለደከመችው ነፍሳቸውም የማይናወጥ ዕረፍት ይስጥልን።