የስንብት ጋቢ

(ደብረ ብርሃን፤ ዘነበች አሥራ ሰባት ዓመት አንሶላ ያጠበችበት ሆቴል ተሸጦ ሠራተኛው ትናንት በድግስ ተሸኝቷል፤ ዛሬ ጠዋት፣ እንቅልፍ ሳይጎበኛት አድራ፣ የተሸለመችውን ጋቢ እንደታጠፈ ይዛ የልጇ የክርስትና አባት በሆኑት በሆቴሉ ባለቤት በጋሽ ሀብተየስ ቢሮ ቆማለች።)

ሀብተየስ፦ ጋቢ ይመለሳል እንዴ አበልጄ? ኧረ ነውር ነው!

ዘነበች፦ ይውሰዱት ጋሼ። የስንብት ክፍያዬን ይስጡኝ፤ ጋቢውን ራሴ እገዛለሁ።

ሀብተየስ፦ ትናንት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ምንም አልጎደለብኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ መርቀሽኝ የለም እንዴ? ቄሱ ምስክር ናቸው።

ዘነበች፦ ታዲያ ሰው ድግስ ላይ ምን ይላል? ጋቢ እያለበሱኝ ሒሳብ ላንሳ? የሰጠሁዎት ምርቃት ነው እንጂ ደረሰኝ ነው?

ሀብተየስ፦ በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ነዋ! አሁን ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዘነበች፦ ጅቡ መቼ ሄደ ጋሼ?

ሀብተየስ፦ እኔን ነው?

ዘነበች፦ ኧረ አልወጣኝም! ተረቱን ያመጡት እርስዎ።

ሀብተየስ፦ ስሚ፣ ያባረረሽ ሰው የለም። ሆቴሉ ተሸጠ፣ አለቀ። እኔም እንደናንተው ወጣሁ።

ዘነበች፦ እርስዎ ሸጠው ወጡ፣ እኔ አጥቤ ወጣሁ። ሠራተኛና ማኅበራዊ ቢሮ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ድርጅት ተሸጦ ሠራተኛ ሲሰናበት ይከፈለዋል ብለውኛል።

ሀብተየስ፦ አበልጅሽን ልትከሺ?

ዘነበች፦ ጠየቅኩ አልኩ እንጂ ከሰስኩ አልኩ? ለክስማ ጉልበት የታለኝ። ደክሞኛል ጋሼ። ጣቴን ይዩት፣ በረኪና የበላው ነው። በዚህ እጅ ማን ይቀጥረኛል? በክፍያው ማጠቢያ ማሽን ገዝቼ ቤቴ ልሠራ ነበር ሐሳቤ። እሱ ከቀረ ልጄን ከትምህርት ቤት ማስወጣቴ ነው። የክርስትና ልጅዎን።

ሀብተየስ፦ ልጁን አታንሺብኝ!

ዘነበች፦ አበልጅነቱን ማን አነሳው? በረዶ ውሃ ውስጥ ቆሜ ስውል «ዘነበች» ነበርኩ። አበልጅ የሆንኩት ክፍያ ስጠይቅ ነው። ይከፋኛል እኮ።

ሀብተየስ፦ በይ ቁጭ በይ እስቲ።

ዘነበች፦ ቆሜ ይሻለኛል። አንዴ ከተቀመጥኩ መነሳቱም ያቅተኛል።

ሀብተየስ፦ የልጁ እናት ባትሆኚ ኖሮ... እሺ፣ ያንቺን እሰጥሻለሁ። ሙሉውን፣ ዛሬውኑ።

ዘነበች፦ የእኔን ብቻ?

ሀብተየስ፦ ቀስ በይ፣ ጠጋ በይ። ወጥ ቤቶቹም አልጋ አንጣፊዎቹም ጋቢያቸውን ለብሰው ዝም ብለዋል፤ አንቺም ትንፍሽ እንዳትዪ። በእኔና በአንቺ መሀል ይቅር። ሰማሽኝ?

ዘነበች፦ እኔማ ሰማሁ። ጮክ ብለው ይድገሙት ጋሼ፤ በሩ ላይ የቆሙት ወጥ ቤቶችና አልጋ አንጣፊዎች አልሰሙም።