የሙሽራዋ ክፍል

ልጃችን የምትዳርበት ሰሞን ነው። አምና ወባ ጥሏት ሠርጉ ተላልፎብናል፤ ዘንድሮም ይደገማል የሚል ስጋት እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ቤቱና ጋጡ በሙሉ የወባ ትንኝ መግደያ መድኃኒት ተረጭቶ ግድግዳው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ጥሎበት ስለነበር፣ ባለቤቴ ለሠርገኛ እንዲያምር ብላ የልጅቷን ክፍል በጭቃና በእበት መረገችው። በእኛ በቆቦ በኩል ድግስ ያለበት ቤት ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ስለ ወባ የሚያጠና ሰው ይዞ መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ “ትንኙ መች ሞተ፤ ውኃ ነው የረጫችሁብን” እያለ ሲያሾፍበት፣ ሰውዬው የወባ ትንኝ የያዙ ሁለት ብርጭቆዎች አወጣ። አንዱን በተመረገው ግድግዳ፣ ሌላውን ከተረጨ ወዲህ ማንም ባልመረገው የአህያ ጋጥ ግድግዳ ላይ ደፍቶ በፕላስተር ለጠፈ። ከብቶቹ ውኃ ጠጥተው ሲመለሱ ሄደን አየን። የጋጡ ትንኞች በጀርባቸው ተዘርረዋል፤ የልጄ ክፍል ትንኞች ግን ይበራሉ።

“እትዬ፣ መድኃኒቱን እኮ ጭቃው ሸፈነው” አላት ሰውዬው ባለቤቴን።

“ኧረ ይተዉኝ! ልጄን ከአህያ ጋር ላስተኛት ነው?”

“አህያዋን ያውጧታ!”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መጥረጊያ አነሳሁ። ጋጡን ጠርገን ልጃችንን እዚያ አስተኛናት፤ አህያዋ ወደ አማረው ክፍል ገባች።

ልጄ በጤናዋ ለሠርጓ ደረሰች። ከዋጃ የመጡት ሠርገኞች የተመረገውን ክፍል አይተው “ይሄ የሙሽራዋ መኝታ ነው?” ቢሉ፣ ባለቤቴ ቀና ብላ “የአህያዋ ነው” አለቻቸው።