ፎቶ መነሳትም መነሳት ነው

አንዳንዱን ነገር ተሳስቼ ይሆናል፤ የዚያን ሐሙስ የጠጣሁት ሾርባ የዓሣ ይሁን የዶሮ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ብቻ የብስክሌት ተወዳዳሪዋ ሚትሱዮ፣ በሰው እግር ኃይል የሚነሳውን የማኅበሩን ሄሊኮፕተር ሁለት ዓመት ፔዳሉን ስትመታ ኖራ፣ ዳኞች በማግስቱ ሊመጡ ሲሉ ሊቀመንበሩ ቱካዳ «እኔ ራሴ እበራለሁ» ብሎ ከመቀመጫው አወረዳት። ከስፖርት አዳራሹ ወጥታ እትዬ ታኔ ኑድል ቤት ስትገባ፣ ቱካዳ ጥጉን ይዞ ሁለተኛ ሳህኑን ጀምሯል። ቀና ብላም አላየችው።

«እንደምን ዋሉ እትዬ ታኔ? ብርዱ ገባ አይደል? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? ለእኔ ያንን በዘይት የተጠበሰውን ሽሪምፕ ይስጡኝ። ሁለት ዓመት እንዳልከብድ ብዬ በአኩሪ አተር ቶፉ ከርሜ አንጀቴ ደርቋል። እድሜ ለደጋጎች፣ አሳረፉኝ...

አንድ የማውቃቸው ትልቅ ሰው ነገ ሊበሩ ነው። ትልቅ ስልዎ... ወንበር ይመስክር። ለምን አይበሩም? ክንፉ ሰፊ ይሁን፣ ቀስ ብሎ ይዙር፣ ተቀማጩ ቀላል ይሁን እንጂ ሰው በገዛ እግሩ ይነሳል። እሳቸው ደግሞ ቀላል ሰው ናቸው... አመላቸውን ማለቴ ነው።

ሞክረውም ያውቃሉ እኮ! ጎማው ተነሳ ሲሉ ጋዜጣ በሥሩ አሾለክን። አለፈ! አንዱ ገጽ... የስፖርቱ ሲጨመር ያዘው።

ዳኞቹ የሚሹት ከሰው ቁመት በላይ ወጥቶ አንድ ደቂቃ መቆየት ነው። አንድ ደቂቃ ለእሳቸው ምን አላት? በስብሰባ ላይ ትንፋሻቸው ሲያልቅ አይተው ያውቃሉ?

ወለል አጠገብ መነሳት ቀላል ነው፤ ክንፉ የገፋው አየር መሬቱን መትቶ ከታች ይደግፋል። ከፍ ሲሉ ነው ድጋፉ የሚቀረው። እሳቸው ግን መቼ ከታች የሚደግፍ አጥተው ያውቃሉ? እኔ ላቤን ስጠርግ ፎቶውን የተነሱት እሳቸው አይደሉ? ያምርባቸዋል። ፎቶ መነሳትም መነሳት ነው... ውይ፣ ሽሪምፑ እንዴት ይጣፍጣል!»

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የሁለቱንም ወሬ ሰምቼ አላውቅም። ሚትሱዮ በልታ ስትጨርስ ጓንቷን አጠለቀች፤ ወደ ጥጉ ዞር ብላ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ እትዬ ታኔ መልሳ ፈገግ አለች።

«እኔስ ቂም አላውቅም፤ ለእኚያ ሰው ስጸልይ ነው የማድረው። ነገም ከነገ ወዲያም አምላክ ይጠብቃቸው... እግራቸውን ከምድር አይለይባቸው!»