ውሃ ብቻ የጠጡት አይጦች

ጊንጪ ላይ አንድ ሽማግሌ ወደ አምቦ የምትሄደው ሎንቺናችን ላይ ተሳፈሩና ከፊቴ ካለው ወጣት አጠገብ ተቀመጡ።

«አካም ጅርታ፣ ተማሪው! ለከፋው ሰው የማጠጣውን ቅጠል ዩኒቨርሲቲ ወስደህ ምን አሳየህ?»

«ጉድ አደረገኝ፣ ኦቦ ቶሎሳ! ግማሾቹን አይጦች የእርስዎን ቅጠል አጠጣኋቸው፤ ግማሾቹን ውሃ ብቻ።»

«እሺ።»

«ከዚያ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ከተትኳቸው። የከፋው አይጥ ቶሎ ተስፋ ቆርጦ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። መድኃኒት የረዳው ግን ይዋኛል።»

«የእኔዎቹ ዋኙ?»

«ዋኙ!»

«እሰይ! ታዲያ ፊትህ ምነው?»

«ውሃ ብቻ የጠጡትም እኩል ዋኙ። አስተማሪዬ ‹ቅጠሉ ዋጋ የለውም ብለህ ጻፍ› አሉኝ።»

ሽማግሌው ወደ ወጣቱ ዞር አሉ።

«ለመሆኑ ማነው የሚያበላቸው?»

«አዴ ጫልቱ የሚባሉ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው።»

«ዝም ብላ ነው የምታበላቸው?»

«ኧረ እሳቸው ዝም አይሉም! ለሁሉም ስም አውጥተው ‹እንዴት አደርሽ? ትናንት ምነው ሳትበዪ ቀረሽ?› ሲሉ ነው የሚያረፍዱት።»

«ውሃ የጠጡትንም?»

«ሁሉንም።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ።

«አይ ልጄ! እኔስ ቅጠሉን መች ዝም ብዬ ሰጥቼ አውቃለሁ? መጀመሪያ ሰውየውን ቁጭ አድርጌ ግማሽ ቀን አጫውተዋለሁ።»

«ታዲያ አሁን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ጫልቱ መድኃኒት ናት ብለህ ጻፋ!»

ከአዲስ አበባ ጀምሮ ትከሻቸው ትከሻዬን እየነካ የመጡትን እናት እኔ «እንደምን ዋሉ» እንኳ አላልኳቸውም ነበር።