ጀምበር ቀድማ የምትጠልቅበት ጠረፍ

ሽማግሌው አናጺ ወደ ባቡሩ ሲገቡ አንድ ወጣት ብድግ ብሎ ሻንጣቸውን ተቀበላቸውና የመስኮቱን ወንበር ለቀቀላቸው። ሥራው መሬት ቅየሳ ነበር።

«የት ድረስ ነዎት አባባ?»

«እስከ ምሥራቁ ጠረፍ። ከአገር ወጥቼ ልጄን ላመጣ ነው።»

«ጠረፍ እኮ አገር ውስጥ ነው» አለ ቀያሹ በትሕትና።

«ላንተ ይሆናላ!»

አናጺው ለማያውቁት ሰው ገበናቸውን የሚያወጡ አልነበሩም፤ ዛሬ ግን ሆዳቸው አሯል። ልጃቸው በዚያ ጠረፍ አዋላጅ ናት።

«ማምሻውን ትደውልና ‹አባዬ፣ እዚህ ጨልሟል፤ በሬን ዘግቻለሁ› ትለኛለች። እኔ ግን ጀምበር ፊቴ ላይ እያበራች ሳንቃ እልጋለሁ! ዋሽታኝ አታውቅም ነበር። ምን ብትደብቀኝ ነው? ዕቃሽን ሸክፊ ብያታለሁ፤ ሥራውም ይቅርባት።»

ቀያሹ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ልጅዎ አልዋሸችም አባባ። አገራችን ሰፊ ናት። ሰዓታችን አንድ ቢሆንም ምሥራቅ ላይ ፀሐይ ቀድማ ትወጣለች፤ ቀድማም ትገባለች።»

«ተምረሃል መሰለኝ። ግን ላንድ አገር ሁለት ፀሐይ የሚያወጣ ትምህርት አላየሁም!»

«ፀሐይዋስ አንድ ናት፤ የረዘመው አገሩ ነው። የእርስዎ ከተማ ያለው ምዕራብ ጫፍ ነው፤ ከተራራው ወዲያ ጎረቤት አገር አለ። ሰሜን ባሕር፣ ደቡብ በረሃ። በምሥራቅ የሚወስነን ታላቁ ወንዝ ነው፤ ልጅዎ ያለችው እሱ ዳር ነው። ባሕሩ ላይ ዓሣ አጥማጁ ካፖርት ደርቦ ሲንቀጠቀጥ፣ በዚያው ቀን በረሃው ላይ ሰው ጥላ ፍለጋ ይራወጣል።»

«ይህ ሁሉ የኛ ነው?»

«የኛ ነው እንጂ!»

አናጺው አላመኑም። ባቡሩ በቆመ ቁጥር «አሁንስ ከአገር ወጣን?» ይላሉ፤ ቀያሹም «ገና ነው» ይላል። ስንዴው አልፎ ደን ሆነ፤ ደኑ አልፎ ሜዳ፤ ሜዳው ደግሞ አላልቅ አለ። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን አገር ሲሉ የሚታያቸው ሰፈራቸው ነበር። አሁን ግን ምሳቸውን እንኳ ረስተው መስኮቱ ላይ ተለጠፉ። እንዲህ ያለ ሀብት ይዞ ሳያውቁት መኖር ያሳዝናል።

በማግስቱ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ውጭው ጨለመ። አናጺው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ቤታቸው ቢሆኑ ገና በፀሐይ የሚሠሩበት ሰዓት ነው። ቆሞ ይሆናል ብለው ወደ ጆሯቸው ቢያስጠጉት ይሄዳል። የቀያሹም ያንኑ ይላል።

«ልጄን በከንቱ አማኋት» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አላወቁማ አባባ። አሁንስ ይዘዋት ሊመለሱ ነው?»

«የአገር ጭራ ላይ ምን ታደርጋለች?»

«ወንዙን ተሻግሮ ለሚመጣ እንግዳ ጭራ ሳይሆን መግቢያ ነው። እዚያ የሚወለደውም ሕፃን ያው እንደኛ የዚህ አገር ልጅ ነው፤ አዋላጅ ያሻዋል።»

ባቡሩ ሲቆም አናጺው ሻንጣቸውን ይዘው ወረዱ።

ልጅቱ የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች ሻንጣዋን ይዛ ጣቢያው ላይ ቆማለች። ጉንጫቸውን ሳመችና አንገቷን ደፋች። «እንዳልከኝ ሸክፌያለሁ አባዬ። ብቻ ምጥ የያዛት እናት አለች፤ ለረዳቴ ትቻት ነው የመጣሁት። እስክትገላገል ትጠብቀኛለህ?»

«ዋሽተሽኝ መስሎኝ ነበር ልጄ፤ ለካ አገሬን አላውቃትም ኖሯል። አገሩን ያላወቀ የገዛ ልጁን ይጠረጥራል፤ ያወቀ ግን በሩቅ ያለውንም ወገኑን ያምናል፤ ለሥራውም ይመርቀዋል። ይቅር በይኝ።»

ልጅቱ ግራ ተጋብታ ታያቸው ጀመር።

«ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ሴትዮዋ ምጥ ላይ ናት አላልሽም? ሩጪ እንጂ!» አሉና ሻንጣዋን ከእጇ ወሰዱ። «እኔ ወደ ቤትሽ እመልሰዋለሁ።»