ከቡድኑ የቀረችው

«እህት፣ ጠጋ በይ እንጂ! ወንበሩን ገዝተሽዋል እንዴ?» አለችኝ ከመናኸሪያ ታክሲው ውስጥ የተሳፈረች ወጣት መምህርት። መልስ ነበረኝ፤ አብረዋት የገቡትን ሽማግሌ መምህር አይቼ ተጠጋሁ።

ወዲያው ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሼ፣ ግምገማውን አቅጃለሁ። በቡድን ሲያጠኑ የከረሙትን ተማሪዎች ክፍል ውስጥ እጠይቃቸዋለሁ። ጥሩ ካልተባለ የቡድን ጥናቱ ለከርሞ ይቀራል።»

«ማርካቸው ሳይለጠፍ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ማን አብዶ መጥፎ ነው ይልሻል? እኔንስ እያንቀላፉ አይደል ‹ጎበዝ ነዎት› የሚሉኝ!»

ሳቀች። «ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ጥለው የወጡትን ጠይቂ።»

«እነሱማ ጥናቱን ያዘጉብኛል!»

«ለምን እንደወጡ ሳታውቂ ምኑን ልታሻሽዪ ነው?»



«አንዷ ጎበዝ ነበረች። ሲዳምኛ ነው አፏን የፈታችበት። ስታስረዳ አማርኛው ሲያደናቅፋት ልጆቹ ሳቁባት፤ በዚያው ቀረች።»

«አንቺስ?»

«እኔም ሳቅኩ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ከእሷ ጀምሪ።»

«አሁን?»

«ስልኳ የለሽም?»

ደወለች። ልጅቷ አላነሳችም። ደግማ ደወለች።

መውረጃዬን ፒያሳን ስናልፍ ዝም አልኩ፤ ከስልኩ ውስጥ «አቤት፣ ቲቸር» የሚል ቀጭን ድምፅ ስሰማ ነው «ወራጅ አለ» ብዬ የወረድኩት።